የቦራ ሳል

ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍጹም፣

የኅዳር ሚካኤል ጥላው አይለይህ። የባሕር ዳር ኑሮ እንዴት ይዞሃል? እኔ በቸር አለሁ። በቆሎው ገብቷል፤ ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ይወቅሰኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። እናትህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋት። «የክርስትና ልጅዎ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይጽፋል» ብላ ተኮሳተረችብኝ። ለእሷም ጻፍ።

ደብዳቤህን ወንዳወቅ ከበቆሎ መኪናው ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። «ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ፖስታ ቤት ሆኜላችኋለሁ፤ ግንባሬ ላይ ቴምብር ለጥፉብኝ» ይላል። ይህንንም የሚያደርስልህ እሱ ነው።

ስለ ሳሉ ጥቅል የጠየቅኸኝን በተመለከተ፤ ኧረ ምንም አይደለም ልጄ። እኔ ምን ሠራሁ ብለህ ነው? ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ ሥራ ቢያጣ በየበረቱ እየዞረ የበሬ ሳል በስልኩ ቀዳ። ይኸው ነው። ለከብት ጤና ሠራተኞች በሚሰጠው ታብሌት ውስጥ እንዲገባ ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ሥራ ከተባለ ሥራው ያንተ ነው። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር አይደለም። ቢኖርም ባይኖርም አገር አይጎዳም። እናንተ የተማራችሁት እንደሚሆን አድርጉት።

ሽንዲ ከብት የምታክመው ያምሮት ግን በቀደም አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ኮሌጅ ያላስተማሩኝን ጎሮርሳ ከእርስዎ ሳል ተማርሁት» አለችኝ። በሬው በበሽታው ጉሮሮው ሳያብጥ፣ ገና ትንፋሹ ሲሻክር፣ ታብሌቱ ውስጥ ካለው ድምፅ ጋር አስተያይታ ደርሳበታለች። በሬው ተርፏል። ልጅቱ ጨዋ ስለሆነች ነው እንዲህ የምትለው።

ባለቤቴ በለጠች ካረፈች ታኅሣሥ ላይ ሦስት ዓመት ይሞላታል። ለሙት ዓመቷ መምጣት ከቻልህ ና። መንገዱ ካስቸገረህ ባለህበት ጧፍ አብራላት።

ምንም የማያውቀው ደካማው የክርስትና አባትህ
ቢሆነኝ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የክርስትና አባቴ ለጋሽ ቢሆነኝ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ለእማማ በለጠች ሙት ዓመት ባለመምጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶ ነው እንጂ መንገዱስ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር፤ አልዋሽዎትም። ጧፉን አብርቻለሁ።

በወንዳወቅ እጅ የማንበቢያ መነጽር ልኬያለሁ። የድሮው ክንዱ በክር ታስሮ ማየቴ አሳዝኖኝ ነው።

አዲሱ እትም ተዘጋጅቷል። እትም የምንለው ታብሌቱ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫነው ሙሉው ሲስተም ነው። ኔትወርክ ስለሌለ ከዚህ ሆነን መጫን አልቻልንም፤ ታብሌቶቹ ራሳቸው መምጣት አለባቸው። በቡሬና በሽንዲ ዙሪያ ያሉትን አሥራ አራቱን ሰብስበው ቢልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ሠራተኞቹ እርስዎን ያምናሉ፤ እኔ ብጠይቃቸው ሰበብ ያበዛሉ። አሮጌው ተጠርጎ አዲሱ ይጫናል፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ።

የሚለወጡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሲደርስ ያዩታል።

ስለ ጥቅሉ ለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ ጠቅሞኛል።

ልጅዎ ፍጹም

ቡሬ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍጹም፣

መነጽሩ ደርሶኛል። ጥርት አድርጎ ያሳያል። በእሱ ነው ያነበብሁት።

ታብሌቶቹ ከተመለሱ በኋላ ያምሮት በጭነት መኪና ተሳፍራ ከሽንዲ ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት ቆማ ታብሌቱን ከፊቴ ዘረጋችው። ሳሉ በነበረበት ቦታ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፦ «ይህ ጥቅል ወደ ጋራ ማከማቻ ተዛውሯል። ለማግኘት ከኔትወርክ ጋር ይገናኙ።»

«የጋራ ማከማቻው የት ነው?» አልኋት።

«ፍኖተ ሰላም ነው አሉ። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው፤ ሁሉም ከዚያ ይቀዳል።»

«ከሽንዲ ሆኖ እንዴት ይቀዳል?»

«በኔትወርክ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ኔትወርኩስ?»

ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

ከታብሌቶቹ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት መጥቷል። በመነጽርህ አነበብሁት። «ከእትሙ የወጣ፦ የከብት ሳል ድምፅ። ምክንያት፦ ግዙፍነትና አነስተኛ ጥቅም። የጥቅሉ ባለቤት ተስማምተዋል።»

ባለቤቱ ማነው? እኔ ከሆንሁ መቼ ነው የተስማማሁት? ማን ጠየቀኝ? አሥራ አራቱን ታብሌት በየቀበሌው ዞሬ በእጄ የሰበሰብሁት እኔ ነኝ። ያምሮት የእሷን ስትሰጠኝ ከእጇ አልለቀቀችውም ነበር። «ጋሼ፣ የነበረው አይጠፋም አይደል?» አለችኝ። «የሚሠራው ፍጹም ነው፣ የክርስትና ልጄ» ብዬ ተቀበልኋት። ከዚህ ሌላ ዋስትና አልጠየቀችኝም።

ምናልባት ሌላ ሰው በስሜ ጽፎ አሳስቷችሁ ይሆናል። ከሆነ ስሙን ንገረኝ።

ስለ ሀብትነሽ በሬ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። 

ቢሆነኝ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ቢሆነኝ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰነበተ። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

ሌላ ሰው በስምዎ አልጻፈም።

ነገሩን ልግለጽልዎ። ታብሌቱ የሚችለው አሥራ ስድስት ጊጋ ነው። የእርስዎ ድምፆች ብቻቸውን አሥራ አንዱን ይይዛሉ። ለሌላው ሥራ ቦታ ጠፋ። የቡድናችን ኃላፊ እሌኒ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ማስረጃ ነው የምትጠይቀው። የትኛው ጥቅል ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥር ነገር አለን። የእርስዎ ከሽንዲ ዜሮ፣ ከቡሬ ዜሮ፣ ከሰከላ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ቆጠራው በኔትወርክ እንደሚመጣ፣ ኔትወርክ ከሌለበትም ሁልጊዜ ዜሮ እንደሚል ያሰብነው በኋላ ነው።

ከዚያ ኃላፊዋ «ባለቤቱ ምን ይላሉ?» አለች። ጠየቅሁዎት። እርስዎም መለሱልኝ። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የእጅ ጽሑፍዎን ያውቁታል። ከሥሩ ያሰመርኩበት እኔ ነኝ።

ጥቅሉ አልተሰረዘም። በክብር ተቀምጧል። የተዛወረው ብቻ ነው።

የሀብትነሽ በሬ ምን ሆነ?

ፍጹም

ቡሬ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍጹም፣

የእጅ ጽሑፌን አወቅሁት። «ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር አይደለም። ቢኖርም ባይኖርም አገር አይጎዳም።» የእኔ ነው። በሰው አሳብቤ ነበርና እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ያንን መስመር ነው። ለምን ጻፍሁት? አምኜበት ነው? አይደለም። በልቤ ያ ሥራ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን? ስለ ራስ ሥራ «ጥሩ ነው» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ነው። አባቴ ያረሰውን ማሳ ሰው ሲያደንቅለት «ኧረ ጭረት ነው» ይል ነበር። በለጠች ግን ይህን ጠባዬን አትወድልኝም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ትሕትናህ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል» ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር።

ንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባ፣ ትዕቢት ፈርቼ ነው እንዲያ የጻፍሁት።»

«ሳሉ የማን ነው?» አሉኝ።

«የሰው ከብት ነው።»

«ከሳሉ ጋር ድምፃቸው የተቀዳው ሰዎችስ?»

«ባለ ከብቶቹ ናቸው።»

«እንግዲያ ያቃለልኸው የራስህን አይደለም። በአደራ የያዝኸውን የሰው ዕቃ 'ምንም አይደለም' ብለህ አሳልፈህ ሰጠህ። ይህ ትሕትና አይባልም፣ ልጄ።» ከዚያ አያይዘው፣ «ደግሞ እንዲያመሰግኑህ ፈልገህ ይሆናል። 'ኧረ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት' እንዲሉህ» አሉ። ይህችኛዋ ከሁሉ ይልቅ ወጋችኝ፤ እውነት ስለሆነች።

የእኔ ኃጢአት ይህ ነው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ኃላፊህ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከእኛ ጋር አላደገችም፤ አልፈርድባትም። አንተ ግን የቡሬ ልጅ ነህ። ልጅ ሳለህ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን ትመጣ ነበር። በለጠች «ብላ» ስትልህ፣ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ድጋሚ ትልሃለች፤ «በሞቴ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። በሦስተኛው እጅህን ይዛ ታስቀምጥሃለች፤ ትበላለህ፤ ሳህኑን ትጠርገዋለህ። በመጀመሪያው ቃልህ አምናህ ሞሶቡን ከድናው ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ርቦህ ታድር ነበር?

አንተ አንድ ጊዜ ጠየቅኸኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኸኝም። የያምሮትንም ነገር እዚያው ደብዳቤ ላይ ጽፌልህ ነበር፤ በላክኸው ቅጂ ላይ ከእሱ ሥር መስመር የለም። ከየትኛው ሥር ማስመር እንዳለብህ አውቀህ ነው ያሰመርኸው።

የሀብትነሽን በሬ ጠይቀሃል። ሀብትነሽ ከሽንዲ ማዶ ያለች ባል የሞተባት ሴት ናት። ከአራት ዓመት በፊት መጀመሪያ የቀዳሁት ድምፅ የእሷ በሬ የቦራ ነው። ቦራ ጎሮርሳ ይዞት ሊሞት ሲል ስልኬን ከጎኑ አስጠጋሁ። «የሚሞት በሬ ሳል ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ተቆጣች። «ይህ ድምፅ በየሠራተኛው እጅ ይገባል፤ ሌላ በሬ ይተርፍበታል» አልኋት። እሺ ብላ እያለቀሰች ተናገረች፤ ምን በላ፣ መቼ ተኛ፣ ትንፋሹ ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ ሻከረ። ስትጨርስ «ከእጃቸው እንዳይለይ፤ አደራ» አለችኝ። አደራውን ተቀበልሁ።

ጥር ማለቂያ ላይ ዳለቻ የምትለው በሬዋ ታመመ። ያምሮት ደረሰች። የበሬው ሳል የጎሮርሳ ይመስላል፤ የሳንባም ይመስላል። ጎሮርሳን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልታስተያይ ታብሌቱን ከፈተች፤ ከኔትወርክ ጋር ይገናኙ አላት። ኮረብታ ላይ ወጥታ ታብሌቱን ወደ ላይ እየዘረጋች ቆየች። ስትመለስ ጉሮሮው አብጦ ነበር፤ አልተረፈም። መድኃኒቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ፍጹም። የቱን እንደምትወጋ ነው ያላወቀችው።

ሀብትነሽን የሽንዲ ገበያ ላይ አገኘኋት። ሰው ሰምቶ ዞር እስኪል ድረስ ጮኻ፣ «አንቱ ባለ ሳል! የቦራዬን ሳል ለማን ሸጡት?» አለችኝ።  ምንም አይደለም ልበላት?

የጋራ ማከማቻ ያላችሁትን ነገር አሰብሁት። መቼም የጋራ የሚባለው ሁሉም የሚደርስበት ነው። ቁልፉ ሩቅ አገር ያለ ጎተራ ባለቤቱን አይቀልበውም።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እየጻፍሁ ፊቴ ይግል ነበር፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ በሩን ዘግቻለሁ። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ቢሆነኝ የከብት ሳል ጥቅሉን ሠርቻለሁ። በአራት ዓመት ከሠላሳ ሰባት ቀበሌ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ሰብስቤያለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ይጠቅማል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ኔትወርክ በሌለበት ነው። ከእትሙ እንዲወጣ አልተስማማሁም። ያኔም አልተስማማሁም።»

ለኃላፊህ በፖስታ አሽገህ እንድትሰጥ አይደለም የላክሁት። በስብሰባችሁ ላይ ቆመህ፣ ጮክ ብለህ አንብበው። ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን አውጣና እኛ አገር «ምንም አይደለም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ንገራቸው። አንተ ታውቀዋለህ።

ከጸሎተ ሐሙስ በፊት ይቅር ልልህ ይገባኛል። እስካሁን አልቻልሁም። እንዲህ ብዬ የጻፍሁት ለማሳዘን አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ላለመጻፍ ነው።

ቢሆነኝ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ቢሆነኝ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ዘንድሮ ድፍረቱን አጥቼ ለፋሲካ ሳልመጣ ቀረሁ። እናቴም ነገሩን ሰምታለች መሰለኝ፤ ባለፈው የላከችልኝ ድፎ ዳቦ ብቻውን ነው የመጣው፤ ከወትሮው በተለየ አንድ መስመር ጽሑፍ እንኳ አልነበረበትም።

አነበብኩት። ቆሜ። ስድስት ሰዎች ነበሩ። «ጥሩ ሥራ ነው» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት፤ እርስዎ እንዲህ ብለው ለመጻፍ ምን እንደከፈሉ ከዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤም አነበብኩላቸው፤ ከያምሮት ነገር ጋር። ስለ ሳህኑም ነገርኳቸው። እሌኒ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ፍጹም፣ ይህን ኅዳር ላይ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት።

ለእርስዎ ያልጻፍኩት ሌላ ነገር አለ፤ ለእነሱም ያን ቀን ነው የነገርኳቸው። ቦታው የተፈለገው ለካርታ ጥቅል ነበር። የእያንዳንዱ ቀበሌ መንገድና ውኃ የሚታይበት። ካርታው የእኔ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ሁለቱ አብረው አይገቡም ነበር። እርስዎ «እንደሚሆን አድርጉት» ሲሉኝ፣ እኔ መስማት የፈለግኩትን ሰማሁ።

አሁን ካርታው ነው ፍኖተ ሰላም ማከማቻው ላይ የተቀመጠው። ሳሉ ወደ እትሙ ተመልሷል፤ እትሙን እንደገና ሠራነው። ታብሌቶቹን ይሰብስቡልኝ ለማለት ግን አፍ የለኝም። አሥራ አራት ሚሞሪ ካርድ ሞልቼ በክብሪት ቤት ውስጥ ለወንዳወቅ ሰጥቼዋለሁ። ታብሌቱ ጎን ላይ ይሰካል፤ ያምሮት ታውቀዋለች። የእትሙን ኃላፊነት ከእኔ ወስደውብኛል፤ ተገቢ ነው።

የሀብትነሽን በሬ መመለስ አልችልም። ሌሊት ሌሊት ያቺ ልጅ ኮረብታ ላይ ቆማ ትታየኛለች።

ይቅር ይበሉኝ፣ የክርስትና አባቴ። መልስ ባይጽፉልኝም ይገባኛል።

ፍጹም

ቡሬ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍጹም፣

ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል። ጉልበቴም ዝናቡን ቀድሞ አውቆት ነበር። እናትህ ደኅና ናት፤ ለእሷ የሚገባውን እኔ ነግሬያታለሁ፤ ቀሪውን አንተ ጻፍላት።

ወንዳወቅ የክብሪት ቤቱን ሲሰጠኝ፣ «ጋሽ ቢሆነኝ፣ ሦስት ሺህ በሬ ኪሴ ውስጥ እያሳለ ከባሕር ዳር ቡሬ ነዳሁ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ካርዶቹን እኔው ራሴ በየቀበሌው አደረስሁ። ሰው ይላክ ቢሉኝ እንቢ አልሁ፤ ታብሌቶቹን የወሰድሁት እኔ ነኝና። ሽንዲ ስደርስ ያምሮት ካርዱን ሰካችና መጀመሪያ የትኛውን ልክፈት አለችኝ። ሀብትነሽ ቤት ሄደን እንክፈተው አልኋት።

ሀብትነሽ ከጎረቤቷ ጋር መቀናጆ ገብታለች፤ የእሷ አንድ በሬ ከእሱ አንድ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ በተራ ያርሳሉ። ተራዋ ሐሙስና ዓርብ ነው። የደረስነው ረቡዕ ነበር። ሰላምታዬን ተቀበለች፤ ግቡ ግን አላለችንም። ያምሮት በረቱ ደጃፍ ላይ የቦራን ሳል ከፈተችው። ከሳሉ ኋላ የሀብትነሽ የራሷ ድምፅ መጣ፤ የዚያን ጊዜ ልቅሶዋ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ፣ «ከእጇ አይለይም?» አለችኝ።

ወትሮ ቢሆን «እሱ ያውቃል» እላት ነበር። «አይለይም» አልኋት። «ቢለይ እኔን ጠይቂ።»

«እጠይቅዎታለሁ» አለች። ከዚያ ግቡ አለችን። አልገባንም፤ ድጋሚ ግቡ አለችን፤ አልገባንም። ሦስተኛ ጠብቄ ነበር፤ አላለችም። የሚገባን ያህል ነው። ወደፊት ትል ይሆናል።

ስለ ካርታህ። ያምሮት ስለ እሱ ጠየቀችኝ፤ ውኃ የት እንዳለ ማየቱ ይጠቅመኝ ነበር አለች። ጥሩ ሥራ ነው መሰለኝ። ይህን የምጽፍልህ ለማስደሰት አይደለም። ሁለቱ አብረው የሚገቡበትን መንገድ ፈልግ፤ ስትፈልግ ግን የሳሉን ባለቤት ጠይቅ። ሁለቴ ጠይቅ።

አሁን ደብዳቤህ ላይ ወዳለው የመጨረሻ ነገር ልምጣ። ሰው ይቅርታ ሲጠይቀን የምንመልሰው ቃል አለ፤ ታውቀዋለህ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስብ ስመልሰው ኖሬያለሁ። ብዕሬን ሳነሣ ሊመጣ ነበር፤ ያዝሁት። ከአባ ወልደ ሥላሴ ፊት ቀርቤ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በልቤ አልቆጥረውም። ለፍልሰታ ና፤ ቤቱ ቤትህ ነው።

ምንም አይደለም ግን አልልህም።

የክርስትና አባትህ
ቢሆነኝ